ጡረታ በወጡ ማግስት፦ ከታማሚው አልጋ አጠገብ ያለ ፊዚክስ

እ.ኤ.አ. በ1665 መጀመሪያ ላይ ክርስቲያን ሁይገንስ የተባለው ሆላንዳዊ የፊዚክስና የሒሳብ ሊቅ ታሞ ለጥቂት ቀናት አልጋ ላይ ውሎ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ከጥቂት ዓመታት በፊት ራሱ የፈለሰፋቸው ዓይነት ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። ሊቁ ሌላ ሥራ ስላልነበረው ሰዓቶቹን ሲመለከት አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። የአንደኛው ፔንዱለም ወደ ቀኝ ሲሄድ የሌላው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይህም ቅንጣት ሳይዛነፍ ይቀጥላል። ሆን ብሎ ቢያዛባቸውም ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተመልሰው ይስማማሉ። በመጀመሪያ በመካከላቸው ያለው አየር የሚያስማማቸው መስሎት ነበር። በኋላ ግን ሁለቱን የተሸከመው የጋራ አግዳሚ በዓይን በማይታይ መጠን እየተንቀሳቀሰ የአንዱን ሁኔታ ለሌላው እንደሚያደርስ ተረዳ። ዛሬ የፊዚክስ ተማሪዎች የተጣመሩ ወዝዋዦች በሚል ርእስ የሚማሩት ክፍል ከዚህ ትዝብት የተነሣ ነው።

ሠላሳና አርባ ዓመት በአንድ ጣራ ሥር የኖሩ ባልና ሚስትን ከሁለት ሰዓቶች ጋር ማመሳሰል ምሳሌ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሆኖም ምሳሌው አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ከሁለቱ አንዱ ድንገት ሲታወክ ሌላው ምን ይሆናል? ከጥንዶቹ አንዳቸው ሳይታሰብ ሆስፒታል ሲገቡ ሁሉም ሰው ስለ ታማሚው ይጠይቃል፤ ስለ አስታማሚው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከሁለት አቅጣጫ ለመመልከት እንሞክራለን። በአንድ በኩል ጥናቶች ስለ አስታማሚው ጤና ምን እንደሚሉ እናያለን። በሌላ በኩል ከአልጋው አጠገብ ያሉት መሣሪያዎችና ሥራዎች በምን የተፈጥሮ ሕግ እንደሚመሩ እንመረምራለን፤ ሰው የማያውቀው ነገር ከሚያውቀው ይልቅ ያስፈራዋልና።

ለምን ጡረታ በወጡ ማግስት?

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ በአብዛኛው 60 ዓመት ነው። ሰው በዚህ ዕድሜ ከሥራ ሲሰናበት የሚቀንሰው ገቢው ብቻ አይደለም። በየዕለቱ የሚያገኛቸው የሥራ ባልደረቦቹ፣ ቀኑን የሚከፋፍልለት ሰዓት፣ ሲታመም ቀርቶ ሲዘገይ እንኳ «ምን ሆኖ ነው?» የሚሉት ሰዎች አብረው ይቀራሉ። ልጆችም በዚያን ጊዜ ወይ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፣ ወይ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፣ ወይ ባሕር ማዶ ናቸው። ስለዚህ ባልና ሚስት ከምንጊዜውም ይልቅ አንዳቸው በሌላቸው ላይ የሚደገፉበት ዘመን ይህ ነው።

የቅርብ ምሳሌ ለመጥቀስ፣ አባታችን ለ37 ዓመታት ካስተማሩ በኋላ ጡረታ በወጡ በአምስተኛው ወር፣ በክረምቱ አጋማሽ፣ በሳንባ ምች ሆስፒታል ገቡ። የዚያን ዓመት ዕቅዳቸው እናታችንን ይዘው ወደ ትውልድ መንደራቸው መሄድና በግቢው ውስጥ ጌሾ መትከል ነበር። በዕቅዱ ፋንታ 11 ሌሊት በተከታታይ እናታችን በአንዲት የፕላስቲክ ወንበር ላይ አደሩ። አባታችን ቀስ በቀስ እያገገሙ ሲመጡ እናታችን እየከሱ፣ ዓይናቸው እየጎደጎደ ሄደ። የደም ግፊት ክኒናቸውን ቤት ትተውት እንደመጡና ለ6 ቀናት እንዳልወሰዱ ያወቅነው የጎረቤት ልጅ ልብስ ለማምጣት ቤት ገብታ መድኃኒቱን ከመስኮቱ ደፍ ላይ ስታገኘው ነው። እርሳቸው ግን ስለ ራሳቸው ሲጠየቁ «እኔ ምን ሆንኩ? የታመመው እርሱ ነው» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራቸውም።

የአስታማሚው ጤና በቁጥር

የእናታችን መልስ የብዙ አስታማሚዎች መልስ ነው። ቁጥሮች የሚሉት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ኒኮላስ ክሪስታኪስና ፖል አሊሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ሰፊ ጥናት አሳተሙ። በአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን የተመዘገቡ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ 518,240 ጥንዶችን ለ9 ዓመታት ተከታትለው የአንዱ ሆስፒታል መግባት በሌላው ሕይወት ላይ ያለውን ተጽዕኖ መረመሩ።

ውጤቱ እንደ በሽታው ዓይነት ይለያያል። ሚስቶቻቸው በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ ወይም መዘጋት፣ በተለምዶ ስትሮክ በሚባለው ሕመም ሆስፒታል ከገቡባቸው ባሎች መካከል 6.9 ከመቶው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሞተዋል። የሚስቶቹ ሕመም የመርሳት በሽታ ሲሆን የባሎቹ ሞት 8.6 ከመቶ ደርሷል፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሲሆን ደግሞ 6.4 ከመቶ ነበር። ባሎቻቸው ከታመሙባቸው ሚስቶች መካከል በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 3.7፣ 5.0 እና 3.0 ከመቶ ሞተዋል።

አንባቢው አንድ ነገር ልብ ይበል። በእነዚህ አኃዞች መሠረት አስታማሚውን ይበልጥ የሚጎዳው ለታማሚው ሕይወት ይበልጥ አስጊ የሆነው በሽታ አይደለም። ካንሰር ከባድ ሕመም ሆኖ ሳለ በትዳር ጓደኛው ላይ ያለው ጫና ከመርሳት በሽታ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። አስታማሚውን የሚጎዳው የዕለት ተዕለቱ ሸክም፣ የእንቅልፍ እጦቱ፣ የሚያወራው ሰው ማጣቱና የራሱን ሕክምና መተዉ ነው ለማለት የሚያስደፍር ምልክት ነው። ይህ ደግሞ መልካም ዜና አለው፤ በሽታውን ማስወገድ ባይቻል ሸክሙን መቀነስ ይቻላልና። ሸክሙን ለመቀነስ ግን መጀመሪያ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወደ ታማሚው ክፍል እንግባ።

ከጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ

አስታማሚ ቀንና ሌሊት ከሚያፈጥባቸው ነገሮች የመጀመሪያው ከታማሚው ጣት ላይ የሚሰካው ትንሽ መሣሪያ ነው። ስሙ ፐልስ ኦክሲሜትር ሲሆን፣ በደም ውስጥ ያለው ሂሞግሎቢን ከመቶ ስንት እጁ ኦክስጅን እንደተሸከመ ይገምታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ብርሃን በየተራ በጣት ውስጥ ያሳልፋል፤ አንደኛው የሞገድ ርዝመቱ 660 ናኖ ሜትር የሆነ ቀይ ብርሃን፣ ሁለተኛው 940 ናኖ ሜትር የሆነ በዓይን የማይታይ ታህተ ቀይ ብርሃን ነው። ኦክስጅን የተሸከመ ሂሞግሎቢን ቀዩን ብርሃን በብዛት ያሳልፋል፤ ኦክስጅን ያልያዘው ግን ቀዩን አብዝቶ ይውጣል። በታህተ ቀዩ ላይ ሁኔታው ይገለበጣል። ስለዚህ በጣቱ ማዶ የደረሱትን የሁለቱን ብርሃኖች መጠን በማነጻጸር የኦክስጅኑን ድርሻ መገመት ይቻላል።

ችግሩ ብርሃኑን የሚውጠው ደም ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ቆዳም፣ ሥጋም፣ አጥንትም፣ ጥፍርም ይውጣሉ። ይህን እንቆቅልሽ የፈታው ታኩዎ አዎያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው። አዎያጊ በመጀመሪያ ይሠራ የነበረው ልብ የምትረጨውን የደም መጠን በጆሮ በኩል በብርሃን ለመለካት ነበር፤ የልብ ምት በመለኪያው ላይ የሚፈጥረው መንቀጥቀጥ ግን ሥራውን አበላሸበት። በኋላ ይህ መንቀጥቀጥ ራሱ መልእክት እንደያዘ ተረዳ። ከልብ ምት ጋር የሚጨምርና የሚቀንሰው በደም ቅዳ ውስጥ ያለው ደም ብቻ ነው፤ አጥንትና ጥፍር አይመቱም። ስለዚህ የማይለዋወጠውን ትቶ የሚለዋወጠውን ብቻ ቢለካ የደም ቅዳውን ደም ለይቶ ማወቅ ይችላል። ሐሳቡን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

ከዚህ አሠራር አስታማሚ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ መሣሪያው የልብ ምት ይፈልጋል። እጅ ከቀዘቀዘ የጣት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ምቱም ይደክማል፤ ቁጥሩም ሊሳሳት ይችላል። አባታችን በተኙ በአራተኛው ሌሊት ቁጥሩ ድንገት 79 አሳየ። እናታችን ደንግጠው ነርሷን ጠሩ። ነርሷ የታማሚውን ፊትና አተነፋፈስ ተመለከቱ፤ ከብርድ ልብስ ውጭ ያደረውን እጃቸውን በሁለት እጃቸው መካከል አሙቀው መሣሪያውን ወደ ሌላ ጣት ሲያዛውሩት 93 አሳየ። እናታችን ግን ከዚያ በኋላ እስኪነጋ አልተኙም። ቁጥር ሲወርድ ባለሙያ መጥራት ትክክል ነው፤ ባለሙያው እስኪመጣ ድረስ ግን እጁ መቀዝቀዙን፣ መሣሪያው መንሸራተቱን፣ ጥፍሩ ሒና ወይም ቀለም መቀባቱን ማየት ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ከምንኖርበት ከፍታ ጋር ይያያዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለሆነም ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ስልክ ደውሎ «ስንት አሳየ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ በእርሱ ከተማና በእኛ ከተማ የሚጠበቀው ቁጥር አንድ ላይሆን ይችላል። ለታማሚው ስንት መሆን እንዳለበት የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ሦስተኛውና ለእኛ ይበልጥ የሚመለከተን ነገር የቆዳ ቀለም ነው። ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ከመቶ ካሳየላቸው ታማሚዎች መካከል በደም ቅዳ ምርመራ ሲታይ እውነተኛው መጠን ከ88 ከመቶ በታች የነበረው በነጮች 3.6 ከመቶ፣ በጥቁሮች ግን 11.7 ከመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩ መልካም ሆኖ ታማሚው ግን ለመተንፈስ ከተቸገረ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከተደናገረ፣ አስታማሚው «ቁጥሩ ደኅና ነው» ብሎ ዝም ማለት የለበትም። ታማሚው ራሱ ከመሣሪያው ይበልጣል።

ሲሊንደሩና ኮንሰንትሬተሩ

ኦክስጅን ለታማሚው የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። ሲሊንደሩን በተመለከተ አስታማሚ የሚጨነቅበት ጥያቄ «መቼ ያልቃል?» የሚለው ነው። መልሱ በትምህርት ቤት በተማራችሁት የቦይል ሕግ ይገኛል። የሲሊንደሩ ይዘት 10 ሊትር፣ መለኪያው የሚያሳየው ግፊት 100 ባር ቢሆን፣ በውስጡ ያለው ጋዝ በ1 ባር ግፊት ሲሰፋ 10 ጊዜ 100፣ ማለትም 1,000 ሊትር ያህል ይሆናል። ለታማሚው በደቂቃ 5 ሊትር የሚሰጠው ከሆነ 1,000 ለ5 ሲካፈል 200 ደቂቃ፣ ማለትም 3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይቆያል። ስሌቱ ግምት ነው፤ ሲሊንደሩም ጨርሶ ባዶ እስኪሆን ድረስ ሊጠበቅ አይገባም። ሆኖም ከእኩለ ሌሊት በፊት ይህን ያሰላ ሰው ለባለሙያው በጊዜ ይናገራል፤ በየአምስት ደቂቃው እየተነሣ መለኪያውን ማየትም አያስፈልገውም።

ኮንሰንትሬተሩ ግን ኦክስጅን አይሸከምም፤ በክፍሉ ካለው አየር ይለያል። አየር 78 ከመቶ ናይትሮጅን፣ 21 ከመቶ ኦክስጅን፣ ወደ 1 ከመቶ የሚጠጋ አርጎን ይዟል። መሣሪያው አየሩን ጨምቆ ዜዮላይት በተባለ ቀዳዳማ ማዕድን ላይ ሲያሳልፈው ናይትሮጅኑ ከማዕድኑ ገጽ ላይ ይያዛል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። ግፊቱ ሲቀንስ የተያዘው ናይትሮጅን ይለቀቅና ሥራው እንደገና ይጀመራል። መሣሪያው በየጥቂት ሴኮንዱ የሚያሰማው የትንፋሽ መሰል ድምፅ ይህ ነው፤ ብልሽት አይደለም። አርጎኑ ከኦክስጅኑ ጋር ስለሚያልፍ ንጽሕናው 100 ከመቶ ሊሆን አይችልም፤ ብዙውን ጊዜ 93 ከመቶ አካባቢ ነው። መሣሪያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑም መብራት ሲጠፋ ይቆማል። ስለዚህ ታማሚው ከሆስፒታል ወጥቶ በቤቱ ኮንሰንትሬተር የሚጠቀም ከሆነ፣ መጠባበቂያ ሲሊንደር መኖሩን ማረጋገጥ ከቤተሰቡ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ነው።

ጠብ ጠብ የሚለው ግሉኮስ

በተለምዶ ሁሉንም የሚንጠለጠል ፈሳሽ «ግሉኮስ» እንለዋለን፤ ብዙ ጊዜ ግን የጨው ውኃ ነው። ፈሳሹን ወደ ደም ሥር የሚገፋው ከፍታ ነው። ፈሳሹ ከክንዱ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ሲሰቀል የሚፈጥረው ግፊት የፈሳሹ እፍጋት በስበት ፍጥነትና በከፍታው ተባዝቶ ሲሰላ 9.8 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ወደ 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ይህ በደም መልስ ውስጥ ካለው ግፊት በእጅጉ ስለሚበልጥ ፈሳሹ ይገባል። ታማሚው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ አስታማሚው ፈሳሹን ዝቅ አድርጎ ከያዘው ግን ሚዛኑ ይገለበጥና ደም ወደ ቱቦው ይወጣል። ብዙ ቤተሰብ የሚደነግጥበት ይህ ትዕይንት የስበት ሕግ ነው፤ ፈሳሹን ከፍ ማድረግና ለነርስ መንገር በቂ ነው።

የጠብታውንም ነገር እናስላ። 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር በሚሆንበት ቱቦ 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ከታዘዘ፣ 20,000 ጠብታ ለ480 ደቂቃ ሲካፈል በደቂቃ ወደ 42 ጠብታ ይሆናል። አስታማሚው መቆጣጠሪያውን በራሱ መንካት የለበትም፤ ለልብና ለኩላሊት ሕመምተኛ ፍጥነቱ የሞት ሽረት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። መቁጠርና ልዩነት ሲያይ መናገር ግን መብቱም ተግባሩም ነው።

መኝታ፣ ግፊትና ሰበቃ

ግፊት ማለት ጉልበት ለስፋት ሲካፈል ነው። ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም የሆነ ሰው በጀርባው ሲተኛ አማካይ ግፊቱ አነስተኛ ነው፤ ሰውነት ግን ጠፍጣፋ አይደለም። ተረከዝ፣ ዳሌና የጀርባው መጨረሻ ላይ አጥንቱ ለቆዳው ስለሚቀርብ ክብደቱ በጥቂት ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል። በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1930 ዩጂን ላንዲስ ለክቶ አሳይቷል። ከውጭ የሚጫነው ግፊት ከዚህ በልጦ ከቆየ ደም ወደ ሥጋው አይደርስም፤ ቆይቶም የአልጋ ቁስል ይመጣል። መንቀሳቀስ የማይችል ታማሚ በየ2 ሰዓቱ ገደማ እንዲገላበጥ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሰበቃም የራሱን ጉዳት ያመጣል። የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ከፍ ሲል ከላይኛው አካል ክብደት ግማሹ ወደ ታች ይስባል፤ 60 ዲግሪ ሲሆን 87 ከመቶው ይስባል። ቆዳው በአንሶላው ሰበቃ ተይዞ ሳለ አጥንቱ ሲንሸራተት በመካከል ያለው ሥጋ ይቀደዳል። ስለዚህ ታማሚውን ወደ ላይ ማስጠጋት ሲያስፈልግ መጎተት አይገባም፤ ሁለት ሰው አንሶላውን በሁለት ወገን ይዞ ማንሣት አለበት።

የአስታማሚው ወገብ

አሁን ወደ አስታማሚው እንመለስ። አንዲት የ60 ዓመት ሚስት ጎንበስ ብላ የባሏን ክብደት ከፊል፣ 20 ኪሎ ግራም ያህል፣ ትደግፋለች እንበል። ሸክሙ ከወገቧ 50 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ሸክሙን የሚቋቋሙት የጀርባ ጡንቻዎች ግን ከአከርካሪው የሚርቁት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በማንሻ ሕግ መሠረት ጡንቻዎቹ 10 እጥፍ ጉልበት ማውጣት አለባቸው። 20 ኪሎው ለወገቧ 200 ኪሎ ይሆንባታል፤ የራሷ ሰውነት ክብደት ገና አልተደመረም። ሸክሙን ወደ ራሷ አስጠግታ ርቀቱን 20 ሴንቲ ሜትር ብታደርገው ወደ 80 ኪሎ ይወርዳል። አልጋ ላይ ያለ ሰው ሲነሣ መጀመሪያ ጎኑን ማዞር፣ እግሮቹን ከአልጋው ማውረድ፣ ከዚያ ቀርቦ ማቀፍ የሚባለው ምክር ከዚህ ስሌት የመጣ ነው። አስታማሚ ወገቧን ከተያዘች በአንድ ቤት ሁለት ታማሚ ይሆናል።

ማንሣቱ ራሱ ግን አስፈላጊ ነው። ጤነኛ አረጋውያን እንኳ ለ10 ቀናት አልጋ ላይ እንዲውሉ ሲደረጉ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ሥጋ እንዳጡ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ሐኪሙ ሲፈቅድ ታማሚውን ማስቀመጥና ጥቂት ማራመድ ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆም ሕክምና ነው።

ሌሊቱ

ብዙ አስታማሚዎች ከሁሉ የሚከብዳቸው ሌላ ነገር ነው። ሲገባ አእምሮው ምሉዕ የነበረ ሰው በሦስተኛው ሌሊት ይቃዣል፤ የት እንዳለ ይስታል፤ ሚስቱን በሌላ ስም ይጠራል፤ መርፌውን ለመንቀል ይታገላል። ሐኪሞች ዲሊሪየም ይሉታል። የአርባ ዓመት የትዳር ጓደኛ «ማነሽ?» ሲላት ያች ሴት ምን እንደሚሰማት ለመገመት አያዳግትም። ነገር ግን ይህ እብደት አይደለም፤ በአረጋውያን ላይ ኢንፌክሽን፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የፈሳሽ ማነስና አንዳንድ መድኃኒቶች የሚያመጡት፣ በብዙዎች ላይም የሚያልፍ መታወክ ነው። ለባለሙያ ወዲያው መነገር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1999 ሻሮን ኢኑዬና ባልደረቦቿ በ852 አረጋውያን ታማሚዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ቀላል የሚመስሉ ነገሮች ጥቅም እንዳላቸው አሳይቷል። ታማሚው መነጽሩንና የመስሚያ መሣሪያውን እንዲያደርግ፣ በቂ ውኃ እንዲጠጣ፣ ሌሊት እንዲተኛ፣ ቀን እንዲንቀሳቀስ፣ ቀኑንና ቦታውን እየነገሩ እንዲያጫውቱት ሲደረግ፣ ዲሊሪየም የያዛቸው ሰዎች ከ15.0 ወደ 9.9 ከመቶ ወርደዋል። ቀን መጋረጃውን መክፈት፣ ሌሊት መብራቱን መቀነስ፣ ሰዓት ከሚታይበት ቦታ ማስቀመጥ፣ የቤቱን ጋቢ ማምጣት ማንም ቤተሰብ የሚችለው ነው።

ከተማሪው ምን ይጠበቃል?

ይህን መጽሔት የምታነብቡ ወጣቶች ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁ ጡረታ የወጡ ወይም ለመውጣት የተቃረቡ ናቸው። እኛ በውጭ አገር ለትምህርት በቆየንባቸው ዓመታት የታዘብነው፣ በዚያ ያሉ ሆስፒታሎች ታማሚውን የማጠብና የመመገቡን ሥራ በአብዛኛው በሠራተኞቻቸው እንደሚያሠሩ ነው። በእኛ አገር ግን አስታማሚ የሌለው ታማሚ ግማሽ ሕክምናውን ያጣል። ስለዚህ የአስታማሚው ጊዜ እንደ መድኃኒት ሊታቀድ ይገባዋል።

አንድ ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢሸከመው ተኝቶም ነቅቶም 168 ሰዓት ነው። አራት ሰዎች ቢከፋፈሉት ግን ለእያንዳንዳቸው 42 ሰዓት ይደርሳል፤ ይህም ከአንድ የሥራ ሳምንት ብዙ አይበልጥም። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ ይህን ስሌት ማወቃቸው ነው። በእኛ ባሕል ጠያቂ አይጠፋም፤ ብርቱካን ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው። ችግሩ ሁሉም በአንድ ሰዓት መጥቶ፣ ታማሚውን አድክሞ፣ አስታማሚዋን ሲያስተናግድ አውሎ መሄዱ ነው። ጠያቂ «ምን ልርዳ?» ሲል «ምንም» ማለት ይቅር፤ «የማክሰኞን ሌሊት እደሩልን»፣ «የሐሙስን ምሳ አብስሉልን» ይባል። የመልእክቱን አዘጋጅ ደግሞ ከልጆች አንዱ ይሁን፤ ለሃያ ዘመድ ሃያ ጊዜ ስልክ ማንሣት ከእናት ትከሻ ይውረድ።

ክፍለ አገር ወይም ሌላ ከተማ ሆናችሁ መምጣት ካልቻላችሁም የምትሠሩት አለ። በየማታው ስትደውሉ ስለ አባታችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት እናታችሁን ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ዛሬ ስንት ሰዓት ተኙ? ምን በሉ? የራስዎን መድኃኒት ወሰዱ? እናታችሁ ታማሚ፣ አባታችሁ አስታማሚ ከሆኑም ጥያቄው ያው ነው፤ እንዲያውም ከላይ ያየናቸው አኃዞች በባሎች ላይ የባሱ ናቸውና ይበልጥ ይጠየቅ። ወንዶች አባቶቻችን «ደኅና ነኝ» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቀናቸዋል።

ወላጆች ጤነኞች ሳሉ የሚሠራም አለ። በአንድ ወረቀት ላይ የሁለቱንም መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ የማይስማማቸውን መድኃኒት፣ የሚከታተሏቸውን ሕመሞች ጻፉ፤ የጡረታ ደብተሩ፣ የጤና መድን መታወቂያው፣ የባንክ ደብተሩና የቤቱ ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ ሁለቱም እንዲያውቁ አድርጉ። ብዙ ቤት ውስጥ ይህን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው፤ ድንገት የሚታመመውም ያው ሰው ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤት ስትሄዱ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

እናታችን ከ11ኛው ሌሊት በፊት፣ በ7ኛው ቀን፣ ተራ ወጥቶላቸው ቤታቸው ገብተው 9 ሰዓት ተኝተዋል። ሲመለሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ ኦክስጅኑ ቁጥር አልነበረም፤ አባታችንን «ቁርስ በላህ?» አሏቸው። አባታችንም «አንቺስ?» ብለው መለሱ። ጌሾው በዓመቱ ተተክሏል።